ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ያለው ስዊች

ሰኞ 4

ማስታወቂያው ዛሬ ተለጠፈ። በወሩ መጨረሻ የየክፍሉ ኃላፊ ሁሉ በሚመራው ሥራ ላይ በተግባር ይፈተናል። በወረቀት አይደለም፤ ማሽኑ ፊት ቁጭ ብሎ ነው። ያላለፈ «በሚመጥነው ቦታ ይመደባል» ይላል። የሚመጥነኝ ቦታ የቱ እንደሆነ የሆስፒታሉ ዘበኛ እንኳ ሳያውቀው አይቀርም።

እዚህ እውነቱን ካልጻፍኩ የት ልጽፈው ነው? የሆስፒታሉ የኔትወርክ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ግን አንድም ቀን በራሴ እጅ ወደ አንድ ስዊች፣ ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ ወደሚያገናኘው ማሽን፣ ገብቼ አላውቅም። እኔ የስልክ ሰው ነኝ። ይህን ሕንፃ ከምድር ቤት እስከ ላይ ሽቦ ከሽቦ አጋጥሜ ስልክ ያናገርኩት እኔ ነኝ። ስልኩ አርጅቶ ኮምፒውተሩ ሲመጣ በአገልግሎት ዘመኔ ኃላፊ አደረጉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሲበላሽ ወንበሬን እስብና ከሥሬ የምትሠራውን ኢንጂነር «አንቺ ግቢበት፣ እኔ ከኋላሽ ልይ» እላታለሁ። አውቆ ዕድል የሚሰጣት አለቃ እመስላታለሁ ብዬ ነበር።

አልመስላትም። ከሰዓት በኋላ የሻይ ክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ሰማኋት። «ጋሼ? ጋሼማ ይፈርማሉ እንጂ ምን ያውቃሉ!» አብሯት ያለው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ያሳዝኑኛል» አለች። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ 6

ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሁለት ያገለገሉ ስዊቾች ገዛሁ። ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ፣ የካውያ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ስሰካቸው ማራገቢያቸው ጮኸ። ባለቤቴ ከሳሎን፣

«አንተ ሰውዬ፣ አውሮፕላን ነው እንዴ ያስገባኸው?»

«ኧረ ለሥራ ነው።»

«ለሥራ ከሆነ ሥራ ቦታ አይነሳም ነበር?»

 በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁት።

ኮንሶል የሚሉት የማሽኑ የጓሮ በር ነው። በኔትወርኩ ዞረህ ሳይሆን በአንድ ጠፍጣፋ ሰማያዊ ገመድ ከኮምፒውተርህ ቀጥታ ትገባበታለህ። ማሽኑ ባዶም ይሁን የታመመ፣ በሌላው በር ሁሉ እንቢ ቢልህ በዚህኛው ያናግርሃል። መጽሐፉ እንዲህ ይላል። እኔን ግን አላናገረኝም። ጥቁር ስክሪን። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፤ ጥቁር። ለካ ቀዳዳው ከሌሎቹ ቀዳዳዎች ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ምሽቱን ሙሉ የተሳሳተው ውስጥ ነበር የሰካሁት። አስተካከልኩ። አሁንም ጥቁር።

ቅዳሜ 9

ተናገረ!

በመጀመሪያ ኮምፒውተሩና ስዊቹ የሚነጋገሩበትን የፍጥነት ቁጥር አሳስቼ ስለነበር የጥያቄ ምልክትና የተሰባበረ ፊደል ብቻ ነበር የሚተፋው። ቁጥሩን አስተካከልኩ። እንደገና ጥቁር ሆነ። ተስፋ ቆርጬ ክንዴን ኪቦርዱ ላይ ስጥል ኢንተር ተነካና ማሽኑ ስሙን ጻፈ። ለካ እሱም ሲጠብቀኝ ነበር፤ ካልነኩት አይናገርም። ይህን የትኛውም መጽሐፍ አልጻፈውም፤ ለሚያውቅ ሰው የሚጻፍ ነገር አይደለማ።

ስጮህ ባለቤቴ እጇ አረፋ እንደያዘ ሮጣ መጣች።

«ምን ሆንክ?»

«መለሰልኝ!»

«ማነው የመለሰልህ?»

ስክሪኑን አሳየኋት። አይታ አይታ «ይሄ ነው?» አለችና ወደ ሳህኗ ተመለሰች። ያም ሆኖ ማታ ለእህቷ በስልክ «እንደ ልጅ እየተማረ ነው፣ ብታዪው ደስ ይልሻል» ስትል ሰማኋት። ደስ አለኝ። ደግሞም አፈርኩ።

አንድ ችግር አለ። እነዚህ ሁለቱ አሮጌ ናቸው። ፈተናው ሆስፒታሉ ውስጥ ባሉት አዲሶቹ ነው። አዲስ አንድ፣ ስቶር ውስጥ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ አውቃለሁ። አቧራ ለብሷል።

ማክሰኞ 12

የስቶሩን ሠራተኛ ሁላችንም ባለቁልፏ ነው የምንላት። እኔና እሷ የተቀጠርነው በአንድ ሰሞን ነው። ቁልፏን አንገቷ ላይ አስራ ነው የምትውለው፤ «ስሞት አብራችሁ ቅበሯት» እያለች ትቀልዳለች። ዛሬ ገመድ ልወስድ ስገባ ስልክ ተደወለላት። ተራ ይጠብቁ የነበሩትን እናቷን ምድር ቤት ካለው የዓይን ክፍል ጠሯቸው። ዓይናቸው አያይም፤ ያለ እሷ አይገቡም።

«ወንድምዬ፣ ገመድህን አንሳና ቆልፈህ ጠብቀኝ። ቶሎ እመጣለሁ።»

ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችኝ። ይህ አይፈቀድም። ለማንም አድርጋው አታውቅም።

ገመዱን ወሰድኩ። ከዚያ ሣጥኑንም አወረድኩት።

ማዘዣ ቆርጬ በደንቡ ማውጣት እችል ነበር። ግን ማዘዣው ኢንጂነሯ ዘንድ ያልፋል፤ «የተፈለገበት ምክንያት» የሚል መስመርም አለው። ምን ልጻፍ? «ኃላፊው ሊለማመድበት»? ሳምንቱን ሙሉ ሆስፒታሉ ሲስቅብኝ ይሰነብታል። ስለዚህ ተዋስኩት። ለአንድ ሳምንት። ማንም የማይነካው ዕቃ ነው። በስፖርት ቦርሳ አድርጌ የዝናብ ካፖርቴን ከላይ ደረብኩበት። ማታ ስወጣ በር ላይ ዘበኛው «ጋሼ ስፖርት ጀመሩ?» አለኝ። «ዕድሜ እኮ ነው» አልኩት። ሳቅን።

ባለቁልፏ ከዓይን ክፍል ስትመለስ ቁልፏን ሰጥቻት ነበር። ሳታይ አንገቷ ላይ አሰረችው።

ሐሙስ 14

አዲሱ ስዊች የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። የራሳችን የይለፍ ቃል ነው። ኢንጂነሯ ታውቀዋለች፤ አለቃዋ እኔ አላውቀውም። ልጠይቃት? ለምን ፈለጉት ብትለኝስ?

መላ አለው። ኤሌክትሪኩን ነቅለህ፣ ፊቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭነህ እንደያዝክ መልሰህ ትሰካለህ። ያኔ ማሽኑ በከፊል ብቻ ነው የሚነቃው። ሥርዓቱ ሁሉ የተጻፈበትን ፋይል ስሙን ቀይረህ ታስነሳዋለህ። ፋይሉን ስለማያገኘው እንደ አዲስ ይነሳል፣ ቃልም አይጠይቅህም። ከገባህ በኋላ የፋይሉን ስም ትመልስለታለህ፤ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይሆናል። ይህ የሚሠራው በኮንሶል ብቻ ነው።

መመሪያው «ስሙን ቀይር» ይላል። እኔ አጠፋሁት። ቸኮልኩ፣ እጄ ቀደመ። ደግሞ ስቶር ውስጥ በተቀመጠ ማሽን ምን ይጻፋል? ምንም ሳይኖርበት አይቀርም።

ገባሁ ግን። በራሴ እጅ ገባሁ።

ሰኞ 18

እጄ እየፈታ ነው። ሦስቱንም በየተራ እየነቀልኩና እየሰካሁ አናግራቸዋለሁ። ጣቶቼ ሳላስባቸው ነው የሚሄዱት። ስልክ ቤት ጎረምሳ ሳለሁ እንደዚህ ነበርኩ።

ዓርብ ልመልሰው ነበር፤ ዝናብ ሆነ። ዛሬ ደግሞ የቀረችኝ አንዲት ትምህርት አለች። ረቡዕ ይመለሳል።

ረቡዕ 20

ሦስተኛ ፎቅ ጣሪያው አፈሰሰ። ውሃው ስዊቹ ላይ። ሞተ። ላቦራቶሪው፣ ሴቶች ክፍል፣ ሁሉም ተቋረጠ። መለዋወጫው ተፈለገ። የለም። በኋላ እጽፋለሁ።

ረቡዕ ማታ

ልጻፈው።

ኢንጂነሯ ጭንቅላቷን ይዛ አልነበረም፤ ተረጋግታ ነበር። «አይዟችሁ፣ ለዚሁ ብዬ አንድ ስዊች አዘጋጅቼ ስቶር አስቀምጫለሁ» አለች። «የሦስተኛ ፎቅ ሥርዓት ሁሉ ተጽፎበታል። አውጥቶ መሰካት ብቻ ነው።» ባለቁልፏ ሄደች። ስትመለስ ባዶ እጇን ነበረች። ፊቷን ማየት አልቻልኩም። «ላይኛው መደርደሪያ ነበረ... እኔ ራሴ ነኝ ያስቀመጥኩት...» ትላለች። ሁላችንም ገብተን ፈለግን። እኔም ፈለግኩ። ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ባትሪ እያበራሁ፣ ቤቴ ያለውን ዕቃ ስቶር ውስጥ ፈለግኩ።

ያን ጊዜ ማለት ነበረብኝ። «እኔ ጋ ነው፣ አሁኑኑ ላምጣው» ብል አንድ ቀን ተስቆብኝ ያልፍ ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «በደንብ ፈልጉ እንጂ፤ ዕቃ እግር የለው!» የሚል ነበር። በቁጣ። ባለቁልፏን ነው የተቆጣሁት።

ደግሞ ባመጣውስ? ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፍቷል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይህን ስትናገር ነው የገባኝ።

ነርሶቹ የምርመራ ውጤት በወረቀት ይዘው ደረጃ ለደረጃ ሲወርዱና ሲወጡ ዋሉ። አንዷ ደረጃው ላይ ቆማ ስትተነፍስ «እነዚህ የኮምፒውተር ሰዎች ቁጭ ብለው ደሞዝ ይበላሉ» አለች። እኔን አላየችኝም። የአንድ ሽማግሌ ውጤት ከሌላ ሰው ጋር ተደባልቆ እንደገና ደም ቀዷቸው። «ምን ይደረግ» አሉ ክንዳቸውን እያሻሹ።

ቤት ስገባ የስዊቹ ማራገቢያ እየዞረ ነበር። ጠዋት ሳላጠፋው ነበር የወጣሁት።

ዓርብ 22

ኢንጂነሯ ከሁለተኛ ፎቅ ረጃጅም ገመድ ጎትታ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነፍስ ዘራች። ደረጃው ላይ ሰው እየተጠላለፈ ይሄዳል፣ ግን ይሠራል።

ባለቁልፏን አስጠርተው ጠየቋት። ቁልፉንም ተቀበሏት። ሥራ አስኪያጁ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። የቴክኒክ አባል አድርጎ የሰየመው እኔን ነው።

ከሥራ ስወጣ ደረጃው ሥር ጠበቀችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«ቁልፉን ለማን ሰጠሽ ሲሉኝ ለማንም አልኩ።»

ቦርሳዬን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዞርኩ።

«አንተ ገመድህን ብቻ እንደወሰድክ እኔ አውቃለሁ። ስምህን ካነሳሁ ግን ሰው አፉን ይከፍትብሃል። በዚህ ዕድሜህ ለምን በከንቱ ላስጠቁርህ?»

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔማ አልወሰድኩ፤ ምን ያደርጉኛል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ትከሻዬን መታ አድርጋኝ ሄደች። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

እሑድ 24

ባለቤቴ ልብስ ልታጥብ ገብታ፣

«ሁለት አልነበሩም እንዴ? ይሄ ሦስተኛው ከየት መጣ?»

«ቢሮ ነው የሰጠኝ። እንድለማመድበት።»

«ጥሩ ሰዎች ናቸው» አለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «ምነው ፊትህ?»

«እንቅልፍ ነው።»

ምን ያለበት ዝላይ አይችልም ይላሉ። እኔ መዝለሉ ቀርቶ ከወንበር መነሳት አቃተኝ።

መላ አለኝ። እመልሰዋለሁ። ተገኘ ይባላል፣ ባለቁልፏም ነፃ ትወጣለች። ማንም አይጎዳም። የኔ ሆድ ይፍጀው።

ሰኞ 25

ተፈጸመ። የቀሩት ዕቃዎች መሟላታቸውን እንዳይ የስቶሩ ቁልፍ ተሰጠኝ። የሰረቀውን አምጥተው ቁልፍ አስያዙት፤ ይህን የጻፍኩት በቀልድ ነው። የጻፍኩበትን ሁሉ አጥፍቼ፣ ባዶ አድርጌ፣ ሣጥኑን ታችኛው መደርደሪያ ላይ ከካርቶኖች ኋላ ሸጎጥኩት። ሲወጣ አቧራ እንዲኖረው በእጄ ከመደርደሪያው ጠርጌ ረጨሁበት። እጄን ስታጠብ ውሃው ጠቆረ።

ዛሬ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደህና እተኛለሁ።

ረቡዕ 27

ተገኘ። ግን እንዳሰብኩት አልሆነም።

ሥራ አስኪያጁ «ያን ቀን ሁላችንም እዚህ ቦታ አላየንም?» አለ። «ስለዚህ ወጥቶ ነበር፤ ሲጨንቃት መለሰችው።» አወይ የኔ ነገር! ሣጥኑን ስሸጉጠው ሌብነቱን አረጋግጬባት ኖሯል። ጠፍቶ ቢቀር «ምናልባት ተሳስተን ይሆናል» ይሉላት ነበር።

ኢንጂነሯ ገመዷን ሰክታ ገባችበት። እንደገባችም ፊቷ ተለወጠ። «ባዶ ነው። እኔ ያዘጋጀሁት የለም። ስቶር የተቀመጠ ማሽን ራሱን አያጠፋም። አንድ የሚያውቅ ሰው በኮንሶል ገብቶበታል።»

«እሷ ደግሞ ይሄን ከየት ታውቃለች?» አለ የሕግ ክፍሉ ሰው።

«የእህቷ ልጅ ሞባይል ይጠግናል» አለ ሥራ አስኪያጁ። በቃ። ነገሩ በዚህች አንድ አረፍተ ነገር ተዘጋ። ባለቁልፏ ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታገደች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። የቴክኒክ አስተያየቱን እስከ ማክሰኞ ጽፌ እንዳቀርብ ታዘዝኩ።

ወረቀቱ ፊቴ ነው። «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» ብዬ ቆምኩ።

ዓርብ 29

አለፍኩ።

ማለፍ ብቻ አይደለም። ፈታኙ ከውጭ የመጣ ሰው ነው። የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ማሽን አስቀመጠልኝ። ነቀልኩ፣ ተጫንኩ፣ ሰካሁ። በዚህኛው ግን አላጠፋሁም፤ ስሙን ቀየርኩ። ገብቼ መልሼ ሁሉንም እንደነበረ አደረግኩት። መመሪያ አልገለጥኩም። ፈታኙ «በዚህ ዕድሜ እንዲህ የፈታ እጅ አይቼ አላውቅም» አለ። አጨበጨቡልኝ። ለማያውቅሽ ታጠኚ።

ያቺ ቀን ከወር በፊት ብትመጣ አለቅስ ነበር በደስታ። ዛሬ ጭብጨባው እስኪያልቅ የጫማዬን ማሰሪያ ሳይ ነበር።

ኢንጂነሯ ቀርባ «ጋሼ፣ እኔ እንኳ እንዲህ አልፈጥንም። የት ተለማመዱ?» አለችኝ።

«ቤት። በሁለት አሮጌ ማሽኖች።»

«አሮጌዎቹ እኮ ይቺ የተጫኗት ቁልፍ የላቸውም።»

«አነበብኩ።»

«አ፣ እሺ» አለች። ቆማ ቀረች።

እሑድ 1

ባለቁልፏ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ባለቤቴ ናት፣ ለኔ አቀበለችኝ።

«እንኳን ደስ ያለህ ወንድምዬ! ሰማሁ እኮ። በአሮጌ እጅህ ልጆቹን አስናቅካቸው አሉ!»

«አመሰግናለሁ» አልኩ። 

«እናቴም ደስ ብሏቸዋል። ማክሰኞ አንተ ካለህበት አልፈራም። የምታውቀውን ትነግርልኛለህ አይደል?»

«እሺ» አልኩ።

ባለቤቴ ፊቴን አይታ ምን ሆነች አለችኝ። ምንም አልኳት። ሁሉንም ሰው ምንም፣ ምንም እያልኩ ነው።

ቅዳሜ ደግሞ መመሪያውን ሳገላብጥ አንድ ነገር አነበብኩ። ማሽኑን ባዶ ስታደርገው የማይጠፋ ፋይል አለ። አላውቅም ነበር። መጽሐፉን ዘጋሁ። እንደገና ከፍቼ አነበብኩ። ያው ነው።

ማክሰኞ 3

እንዳልረሳው ሁሉንም እጽፈዋለሁ። የምረሳው ባይሆንም።

አራታችን በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠናል፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የሕግ ክፍሉ ሰው፣ ኢንጂነሯና እኔ። ስዊቹ መካከል ላይ። የኔ አስተያየት ኪሴ ውስጥ ታጥፏል፤ «ድርጊቱን ማን እንደፈጸመው በቴክኒክ መለየት አይቻልም» ይላል። ሦስት ጊዜ ገልብጬ የጻፍኩት ነው። ማንንም አይከስም፣ ማንንም አያድንም። የኔ ሥራ ሁሌም እንደዚሁ ነው።

ባለቁልፏ የክት ልብሷን ለብሳ መጣች። አንገቷ ባዶ ነበር። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጧት።

ሥራ አስኪያጁ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ያየችውን ነገራት። ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ እሷ ዓይን ክፍል እናቷን ይዛ ሳለች ስቶሩ ክፍት ነበር።

«ቁልፉን ለማን ሰጠሽ?»

«ለማንም።»

«ታዲያ ማን ከፈተው?»

«እኔ እንጃ። ሳልቆልፈው ሄጄ ይሆናል።»

«ከአንገትሽ የማታወርጂውን?»

እጇ ወደ ባዶ አንገቷ ሄደ። የሕግ ክፍሉ ሰው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለኮሚቴ መዋሸት ብቻውን ለስንብት ይበቃል» አለ። በቁጣ አልነበረም፤ ሰዓቱን እያየ ነው የተናገረው።

ቆምኩ።

«ለኔ ነው የሰጠችኝ። ስዊቹን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ማንም አልደነገጠም። ይህን አልጠበቅኩም ነበር። ባለቁልፏ እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ቁጭ በል ወንድምዬ። ለኔ ብለህ ራስህን አታዋርድ።» ወደ እነሱ ዞረች። «ቁልፉንስ ሰጥቼዋለሁ፤ ጥፋቴ ነው፣ ይኸው አመንኩ። እሱ ግን ገመዱን ብቻ ነው የወሰደው። ሊያድነኝ ነው። ልቡ ሩህሩህ ነው፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።»

«እናውቃለን» አለ ሥራ አስኪያጁ። ፈገግ አለልኝ። «ደግነትዎን እናከብራለን፤ ግን ይህ የስሜት ቦታ አይደለም። ይቀመጡ።»

መቀመጥ እችል ነበር። ለአንዲት ቅጽበት ወንበሩን ተመለከትኩት። ይህንንም እጽፈዋለሁ፤ ተመለከትኩት። እውነቱን ተናግሬያለሁ፣ ካላመኑኝ ምን ላድርግ የሚል ነገር በውስጤ አለፈ። እጇ እጅጌዬ ላይ ነበረ፤ ወደ ታች ትስበኛለች።

ከቦርሳዬ ኮምፒውተሬን፣ ከዚያም ሰማያዊውን ገመድ አወጣሁ። በአንድ እጄ ሰካሁት። ኤሌክትሪኩን አበራሁ። ኢንተር ነካሁ። ማራገቢያው ጮኸ፤ ያ ድምፅ ቤቴ ሲጮህ እንደከረመ በዚያ ክፍል ውስጥ ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«ስዊቹን ስትከፋፍለው ለእያንዳንዱ ክፍልፋይ ስም ትሰጠዋለህ» አልኩ። ድምፄ የፈተናው ቀን ድምፅ ነበር፣ ጥርት ያለ። «የስሞቹ ዝርዝር በሌላ ፋይል ነው የሚቀመጠው። ማሽኑን ባዶ ስታደርገው ይኼኛው አይጠፋም። እኔ አላውቅም ነበር። ኢንጂነር፣ ይኸው፤ አንብቢላቸው።»

ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩ። ጣቷን መስመሮቹ ላይ እያስኬደች ወረደች።

«አንብቢው እንጂ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሳሎን» አለች። «ኩሽና። መኝታ ቤት። ልብስ ማጠቢያ።» ቀና ሳትል «ሆስፒታሉ ሳሎን የለውም» አለች።

«የኔ ቤት ነው፤ ስለማመድ የሰጠሁት ስም ነው» አልኩ። «ሰርቄ ቤቴ ነው ያስቀመጥኩት። ሦስተኛ ፎቅ በጠፋ ቀንም ቤቴ ነበር። ያዘጋጀሽውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ካርቶን ኋላ የሸጎጥኩትም እኔ ነኝ። መለማመድ ፈልጌ ነው። እንደማልችል እንዳይታወቅብኝ።»

 ባለቁልፏ የተባለውን አንድ በአንድ ስታስበው አያታለሁ። ዓይን ክፍል። ቁልፉ። ደረጃው ሥር። ስልኩ። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግኩ፤ ብትጮህብኝ እፎይ እል ነበር።

እጅጌዬን ለቀቀችው።

ሰኞ 9

ባለቁልፏ ዛሬ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለቁልፉ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋታል። ኢንጂነሯ ኃላፊ ሆነች። እኔ ከሥሯ ተራ ቴክኒሻን ነኝ፤ ፈተናው ተሰርዟል። «ከሥራ ያልተባረርኩት በአገልግሎት ዘመኔ ነው» ብዬ ለባለቤቴ ስነግራት፣

«እኔንም እኮ ዋሸኸኝ» አለች።  የካውያ ጠረጴዛዋን ወሰደች።

ጠዋት አዲሷ ኃላፊ «ጋሼ፣ ሦስተኛ ፎቅን እርስዎ ይትከሉት፤ ከእጅዎ የሚሻል የለም» አለችኝ። ስላላዘነችልኝ አመሰገንኳት። ገመድ አጥሮኝ ወደ ስቶር ወረድኩ። በሩ ክፍት ነው። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ካርቶን ትደረድራለች። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። እዚያ ቆሜ የማውቀውን ይቅርታ ሁሉ በአፌ አዘጋጀሁ።

ዞር ብላ አየችኝ።

«ማዘዣ ይዘዋል?»

አልያዝኩም ነበር። ልቆርጥ ወደ ላይ ተመለስኩ።